አዲስ መኪና ፍሬን ሲያዝ ለምን ይንቀጠቀጣል?

መኪናው ገና አዲስ ነው። ቢነዳ 8 ሺህ ወይም 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ከአዳማው የፍጥነት መንገድ ልትወጡ ስትሉ ፍሬን ትይዛላችሁ፤ መሪው እጃችሁ ላይ ይርገፈገፋል። ፔዳሉም ከእግራችሁ ሥር ከፍ ዝቅ ይላል። ፍሬኑን ስትለቁት ሁሉም ነገር ሰላም ይሆናል። ጋራዥ ስትሄዱ የምትሰሙት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ዲስኩ ተጣሟል፤ ቶርኖ ይግባ።»

ቶርኖ ይገባል፤ የዲስኩ ገጽ በማሽን ይላጋል። መንቀጥቀጡ ይጠፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ይመለሳል። ባለቤቱም መኪናው ከፋብሪካው ጀምሮ ችግር እንዳለበት ያምናል። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን መንስኤው ስላልተነካ ነው። ቶርኖ ዲስኩን ያለሰልሰዋል፣ ያሳሳዋልም። ዲስኩን ለዚህ ያበቃውን ነገር ግን አያስተካክልም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በጠጠር ወይም ዝናብ ባረጠበው መንገድ ላይ ፍሬን በኃይል ስትይዙ ፔዳሉ ቶሎ ቶሎ ቢመታችሁ፣ የሚያንኳኳ ድምፅም ብትሰሙ፣ ያ ብልሽት አይደለም። ኤቢኤስ ሥራውን እየሠራ ነው። ጎማው ቆልፎ እንዳይንሸራተት የፍሬኑን ግፊት በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይለቃል፣ መልሶ ይይዛል። ያኔ ደንግጣችሁ እግራችሁን አታንሱ፤ አጥብቃችሁ ያዙ። እዚህ የምናወራው በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ፍሬን በልኩ ሲያዝ ስለሚመጣው መንቀጥቀጥ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ፍጥነታችሁን ልብ በሉ። የአንድ መለስተኛ አውቶሞቢል ጎማ ዙሪያው ወደ 1.9 ሜትር ይጠጋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በሰከንድ 12 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ዲስኩም አብሮት ይዞራል። ስለዚህ ችግሩ ዲስክ ላይ ከሆነ ምቱ ከፍጥነታችሁ ጋር ይቀንሳል። 40 ስትደርሱ በግማሽ ቀዝቅዞ ታገኙታላችሁ፤ ልትቆሙ ስትሉ ደግሞ እያንዳንዱን ምት ለይታችሁ ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። የኤቢኤስ ምት እንዲህ ከጎማው ጋር አይሄድም።

ፍሬን ሳትይዙም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ገንዘባችሁን ዲስክ ላይ አታውጡ። መጀመሪያ ጎማውን ባላንስ አስደርጉ፣ ቸርኬውንም አስፈትሹ። ጉድጓድ ውስጥ የገባ ቸርኬ ይጣመማል፣ ጎማም ያብጣል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነና መሪው ላይ የሚሰማ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ዲስኮች ናቸው። መሪው ጸጥ ብሎ መቀመጫውና ወለሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወደ ኋላ ተመልከቱ። እዚያ ዲስክ ላይኖር ይችላል፤ የኋላ ፍሬናቸው ታምቡር፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ከበሮ፣ የሆነ መኪኖች ብዙ ናቸው። ታምቡርም ክብነቱን ሲያጣ እንዲሁ ያንቀጠቅጣል።

ዲስኩ ምን ሆኖ ነው?

ብዙ ሰው ዲስኩ በሙቀት እንደ ቆርቆሮ የተጣመመ ይመስለዋል። እንዲህ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። እውነተኛው ነገር ረቀቅ ይላል፤ እሱን መረዳት ደግሞ ብዙ ወጪ ያድናል።

አሠራሩን እንይ። ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ዲስክ አለ። ካሊፐር የሚባለው መያዣ ዲስኩን በሁለት የፍሬን ሸራዎች መሀል ይዞታል። ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፤ ሸራዎቹም ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ይጨምቁታል።

አሁን ዲስኩ ሲዞር በጣም በትንሹ ወደ ጎን ይወዛወዛል እንበል። የሚገርመው፣ መወዛወዙ ብቻውን ብዙም አይሰማም። የአብዛኞቹ መኪኖች ካሊፐር በፒኖች ላይ ወዲያና ወዲህ ስለሚንሸራተት ዲስኩን እየተከተለ ይሄዳል። አዲሱ መኪና በተረከባችሁት ቀን የማይንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ፍሬን በማትይዙበት ሰዓት ነው። ፍሬን ሲለቀቅ ሸራዎቹ ከዲስኩ የሚርቁት ለዓይን በማይታይ ክፍተት ነው። የሚወዛወዝ ዲስክ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታው ሸራውን ነካ አድርጎ ያልፋል። ሁልጊዜ ያው ቦታ። ጎማው በአንድ ኪሎ ሜትር ከ500 ጊዜ በላይ ይዞራል። በ8 ሺህ ኪሎ ሜትር ከ4 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ማለት ነው። ያ ቦታ ቀስ በቀስ እየተፋቀ ይሳሳል። እንደ ሸራው ዓይነት ደግሞ የሸራው ብናኝ እላዩ ላይ ተጋግሮ ሊያወፍረው ይችላል። በዚህም ሆነ በዚያ መጨረሻው አንድ ነው፤ ዲስኩ እዚህ ቀጭን፣ እዚያ ወፍራም ይሆናል።

ፍሬን ስትይዙ ወፍራሙ ቦታ በሸራዎቹ መሀል ሲያልፍ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ፒስተኑ ዘይቱን፣ ዘይቱ ፔዳሉን ይገፋል። ቀጭኑ ሲመጣ ግፊቱ ይላላል። እግራችሁን የሚመታችሁ ይህ ነው። ጎማውን የሚይዘው ኃይልም በእያንዳንዱ ዙር ጠበቅ ላላ ስለሚል መሪው ይርገፈገፋል።

መጠኑን ስታውቁ ትገረማላችሁ። ብዙ አምራቾች ለመወዛወዝ የሚፈቅዱት 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የውፍረት ልዩነቱ ደግሞ 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ አሽከርካሪው ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ ዲስኩን በጣቱ ዳበስ አድርጎ «ደህና ነው» ወይም «አልቆለታል» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። ይህ በመሣሪያ እንጂ በጣት አይለካም።

ከሁሉ በፊት የጎማ ብሎን

ታዲያ አዲሱን ዲስክ ምን ያወዛውዘዋል? እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው የጎማ ብሎን አጠባበቅን ነው። ዲስኩ ሞዞው ላይ፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበት የሚዞር ብረት ላይ፣ ይቀመጣል። በእሱ ላይ ቸርኬው ይመጣል። ሦስቱን አንድ ላይ የሚያስራቸው የጎማው ብሎን ነው። አንዱ ብሎን ከልክ በላይ ጠብቆ ሌላው ከላላ ዲስኩ ተስተካክሎ አይቀመጥም። ለ0.05 ሚሊ ሜትር መዛነፍ ደግሞ ብዙ አያስፈልግም።

ቁጥሩን እንየው። የቶዮታ ኮሮላ የጎማ ብሎን እንዲጠብቅ የታዘዘው በ103 ኒውተን ሜትር ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ጎሚስታ ግማሽ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ ቢቆም ብሎኑ ላይ የሚያርፈው ወደ 340 ኒውተን ሜትር ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ! መፍቻው ላይ ቱቦ ከተቀጠለበት ደግሞ ይብሳል። በአየር የሚሠራው መፍቻም ካልተመጠነ ያው ነው፤ አንዱን ብሎን አንቆ ሌላውን በወጉ ሳይዘው ያልፋል።

ጎሚስታው ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም። ጎማው መንገድ ላይ እንዳይወልቅ ፈርቶ ነው። ደንበኛውም ከኋላው ቆሞ «አጥብቀው!» ይለዋል። እኛው ነን ያስለመድነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ቶርክ ሬንች የሚባል መፍቻ አለ። የታዘዘውን ቁጥር ትሞሉበታላችሁ፤ እዚያ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል፣ ትተዋላችሁ። ለመኪናችሁ የሚያስፈልገው ቁጥር መመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። መኪናው ክሪክ ላይ እያለ ብሎኖቹን በእጅ አስገብታችሁ በመጠኑ አጥብቁ። ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ወዳለው እየተሻገራችሁ ሥሩ። መኪናው መሬት ሲነካ በቶርክ ሬንቹ ጨርሱ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና አረጋግጡ። ብሎኑን ዘይት ወይም ግራሶ አትቀቡት፤ የተቀባ ብሎን በዚያው ቁጥር ከሚገባው በላይ ይጠብቃል። ጎማችሁን ሌላ ሰው ያለ ቶርክ ሬንች ካሰረላችሁ፣ ቤት ስትደርሱ ሁሉንም አላልታችሁ በልኩ መልሳችሁ እሰሩ። ዲስኩ ገና ሳይሳሳ የተደረገ እርማት ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ከብሎኑ ቀጥሎ የሚመጣው ቆሻሻ ነው። ዲስክ ወይም ጎማ ተፈትቶ ሲመለስ በሞዞውና በዲስኩ መሀል ትንሽ ዝገት ወይም የአሸዋ ቅንጣት ከቀረ ዲስኩ ያዘነብላል። ሞዞው ጠባብ ዲስኩ ሰፊ ስለሆነ፣ መሀሉ ላይ ያለችው ጥቂት መዛነፍ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ትሰፋለች። ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ አሽቶ ማጽዳት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። እንዲህ የሚያደርግ መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ሳይነዳ የሚበላሽ ዲስክ

ዲስክ የሚሠራው ቶሎ ከሚዝግ ብረት ነው። ከውጭ የሚመጣ መኪና ሳምንታት ባሕር ላይ ይቆያል። ከዚያ የጅቡቲ ሙቀትና ጨዋማ አየር ይቀበለዋል። ከዚያ ደግሞ ቀረጡና ወረቀቱ እስኪያልቅ አንድ ቦታ ይቆማል። ይህን ሁሉ ጊዜ ሸራዎቹ ያረፉበት የዲስኩ ክፍል እርጥበት አምቆ ከሌላው በተለየ መንገድ ይዝጋል። መኪናውን ስትረከቡ ዲስኩ ላይ የሸራውን ቅርጽ የያዘ ጥላ ታዩ ይሆናል። ላይ ላዩን የዛገ ከሆነ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ስትይዙ ይጠረጋል። ብዙ ከተነዳ በኋላም ምልክቱና መንቀጥቀጡ ካለ ግን ዝገቱ ብረቱን በልቶታል። ስለዚህ ከመረከባችሁ በፊት በቸርኬው ክፍተት አጮልቃችሁ እዩ፣ ፎቶም አንሱ። አሜሪካና አውሮፓ በረዷማ ከተማ የምትኖሩም በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይህንኑ ስለሚያደርግ ልብ በሉት።

የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ይህን ክፍል ደግማችሁ አንብቡ። ነዳጅ የሚያቃጥሉ የግል መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ቁጥራችሁ ጨምሯል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚቀንሰው በሞተሩ ነው። እግራችሁን ከነዳጁ፣ ይቅርታ፣ ከፍጥነት ፔዳሉ ስታነሱ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ሸራና ዲስኩ እምብዛም አይነካኩም። ሸራው ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ዝገቱን የሚጠርግለት ግን የለም። በሳምንት አንዴ፣ ከኋላችሁ መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ያዙ። መኪናችሁ ባትሪ የመሙላቱን ኃይል ለመቀነስ የሚፈቅድ ከሆነ በዚያን ጊዜ ዝቅ አድርጉት፤ ሥራው ወደ ዲስኩ ይሄዳል።

መኪናችሁን ካሳጠባችሁ በኋላም ወዲያው አታቁሙት። ዞር ዞር አድርጋችሁ፣ ፍሬን ይዛችሁ ዲስኩን አድርቁት። ከረጅም ጉዞ እንደተመለሳችሁ ገና በጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማስረጨትም ጥሩ አይደለም። ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይታጠብ።

ቁልቁለትና ሙቀት

የኢትዮጵያ መንገድ ፍሬን ይፈትናል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከፍታችሁ ከ1000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። 1500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ አንድ ሰዓት ያህል ሲግል እንደሚፈጀው ማለት ነው። እግራችሁን ፍሬን ላይ አሳርፋችሁ ከወረዳችሁ አብዛኛው ሙቀት አራቱ ፍሬኖች ላይ ያርፋል።

እጅግ የጋለ ሸራ ብናኙን ዲስኩ ላይ ያትማል። ከዚህ የከፋውም አለ። የዲስኩ አንዳንድ ቦታ ከ650 ዲግሪ በላይ ሲግል የብረቱ ውስጣዊ ቅንብር ተለውጦ ሲመንታይት የሚባል በጣም ጠንካራ ነገር ይፈጠራል። ይህ ቦታ እንደ ሌላው አይበላም፤ ስለዚህ ወጣ ብሎ ይቀራል። ወጣ ስላለ የበለጠ ይፋተጋል፣ ይበልጥ ይግላል፣ ይሰፋል። ወደ ውስጥም ስለሚዘልቅ ቶርኖ ላይጨርሰው ይችላል። እንዲህ የሆነ ዲስክ መቀየር አለበት።

ቁልቁለት ላይ ገና ከጫፉ ማርሽ ቀንሱ። አውቶማቲክ ከሆነ ዝቅተኛውን ማርሽ ምረጡ። ፍሬኑን ያዝ አድርጋችሁ ፍጥነቱን በደንብ ቀንሱ፣ ከዚያ ልቀቁት፤ አየር ያግኝ። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ባትሪውን 100 በመቶ አትሙሉት። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ስለማይቀበል ሞተሩ እንደወትሮው አይዝላችሁም፤ ሸክሙ ወደ ዲስኩ ይመለሳል። ታች ስትደርሱ ደግሞ ፔዳሉን ረግጣችሁ አትቁሙ። የጋለው ሸራ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ አሻራውን ይተዋል። ቀስ እያላችሁ ትንሽ ንዱ፣ ዲስኩ ይንፈስበት፣ ከዚያ ቁሙ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናትም ወሳኝ ናቸው። የቶዮታ መመሪያ መጽሐፎች ለመጀመሪያው 300 ኪሎ ሜትር ድንገተኛ ፍሬን እንዳትይዙ ያስጠነቅቃሉ። ምክንያቱ ሸራውና ዲስኩ ገና እየተላመዱ መሆናቸው ነው። ሸራ ስትቀይሩም ይኸው ይሠራል።

ጋራዥ ስትሄዱ

«ፍሬኑን እይልኝ» ብቻ አትበሉ። መቼ፣ በስንት ፍጥነት፣ መሪው ላይ ወይስ መቀመጫው ላይ፣ ሲቀዘቅዝ ወይስ ከጋለ በኋላ እንደሚሰማችሁ ንገሩት። ከዚያ ልኬት ጠይቁ። ጎማው ከወለቀ በኋላ ዲስኩ በብሎኖቹ ተስተካክሎ ይታሰራል። ዳያል ጌጅ ከዲስኩ ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይደገናል፤ ዲስኩ በእጅ ሲዞር መወዛወዙ ይነበባል። በማይክሮሜትር ደግሞ ውፍረቱ ዙሪያውን 8 ቦታ ላይ ይለካል።

መወዛወዙ ከልክ በላይ ከሆነ ዲስኩ ይውጣ፣ ሞዞው ይጽዳ፣ ከዚያ እንደገና ይለካ። ካልተስተካከለ ዲስኩን አንድ ብሎን አዙሮ ማሰር አንዳንዴ ይፈታዋል። ራሱ ሞዞው የሚወዛወዝ ወይም ኩሽኔታው የላላ ከሆነ አዲስ ዲስክም አያድናችሁም። ይህ ሁሉ ቶርኖ ከመታሰቡ በፊት ነው።

ካሊፐሩም ይታይ። በአቧራና በጭቃ ምክንያት ፒኖቹ ሲይዙ ሸራው ዲስኩን አይለቅም። ከጉዞ ስትመለሱ መዳፋችሁን ወደ ቸርኬዎቹ ጠጋ አድርጉ፤ ቸርኬውን ግን አትንኩት። የፊት ግራው ከፊት ቀኙ በጣም የጋለ ከሆነ ለመካኒኩ ንገሩት።

ዲስኩ ላይ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት ተቀርጾበታል። ቶርኖ ከዚያ በታች የሚያወርደው ከሆነ እንቢ በሉ። የምትቀይሩ ከሆነ የግራና የቀኙን አንድ ላይ፣ ከነሸራው ቀይሩ። አዲሱ ዲስክ ዝገት እንዳይዘው ዘይት ተቀብቶ ስለሚመጣ በፍሬን ማጽጃ ይጠረግ። ገበያ ላይ ርካሽ ሸራ ይገኛል፤ ፍሬን ላይ ግን ለዋጋው ብላችሁ ማንነቱ የማይታወቅ ዕቃ አትግዙ።

መንቀጥቀጥ ብቻውን ፍሬኑ አሁኑኑ እምቢ ይላል ማለት አይደለም። ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ፣ የሚያር ነገር ከሸተተ ወይም ቀዩ የፍሬን መብራት ከበራ ግን መኪናውን እዚያው አቁሙና አስጎትቱ።

ዋስትና ካላችሁ ቀድማችሁ ሂዱ። ሸራና ዲስክ አላቂ ዕቃ ስለሆኑ ብዙ የዋስትና ውሎች ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አይሸፍኗቸውም። በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር የታየ መንቀጥቀጥ ግን ሊከራከሩበት የሚገባ ነው። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በጽሑፍ አስመዝግቡ፤ የተገኘው ልኬትም በቁጥር ይጻፍ። «አይተነዋል፣ ደህና ነው» የሚል ወረቀት አትቀበሉ። መወዛወዙ ስንት፣ የውፍረት ልዩነቱ ስንት የሚል ወረቀት ይዛችሁ ውጡ። ችግሩ ዋስትናው ካለቀ በኋላ ቢመለስ በጊዜው አመልክታችሁ እንደነበር የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው።